በሶላር የተከደነ ቆጮ

ጨንቻ ዙሪያ፣ መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለኤፍሬም ካሱ፣ ባለህበት በጀርመን አገር።

የጌታ ሰላም በአንተና በቤትህ ላይ ይሁን። እኛ ደህና ነን። ብርዱ እንደምታውቀው ነው፤ ጉሙም ጠዋት ጠዋት ከደጃፋችን አይነሳም፤ ጤናችን ግን ጥሩ ነው፣ ክብር ለስሙ ይሁን። «ደውይልኝ እንጂ ምን አስጻፈሽ» እንዳትለኝ። በስልክ «እንዴት ነህ፣ ልጆችስ፣ ከብቶቹስ» ስንባባል ካርዱ ያልቅና ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ መጻፍ ይቀናኛል።

ይህን ወረቀት በሚኒባስ ሹፌር አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ላለው ለሳላዲን እልካለሁ። ሳላዲን ሶላር የሚሸጠው ነጋዴ ነው፤ ሰፈራችን በሙሉ ሶላር የገዛው ከእሱ ነው። በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይሰድልሃል፤ ያንተንም መልስ አትሞ በዚያው ሹፌር ይልክልኛል። ደብዳቤያችንን እንደማያነብ ምሎልኛል።

አሁን ወደ ወሬዬ ልግባ። ዕድላዊት ልታገባ ነው። አዎ፣ ያቺ አዝለሃት ፖም ዛፍ ላይ የምትሰቅላት የኔ ዕድላዊት። አሁን አርባ ምንጭ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የሚያገባት ልጅ ካሌብ ይባላል፤ ገረሴ ያስተምራል፤ ጨዋ ነው፤ ሲዘምር ብቻ ድምፁ ትንሽ ይከብዳል። ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል።

እንግዲህ የሙሽራ እናት ቆጮ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አትረሳም። የገረሴ ሰዎች መጥተው፣ ሽማግሌያቸው መጀመሪያ ቀምሶ፣ ልጅቷን ከምን ዓይነት ቤት እንደወሰዱ የሚፈርዱት በቆጮው ነው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ተሰብስቦ እንሰቱን ፍቆልኛል፤ ጉድጓዱ ሞልቷል። ብርዱ ግን አላበስል አለኝ። ስንት ሌሊት ተገላበጥኩ መሰለህ። በመጨረሻ ምን እንዳደረግኩ ገምት።

ያ ሁሉ ከዓመታት በፊት የተገዛ ሶላር አርጅቶ ሞቷል። ከየቤቱ ጀርባ ተደግፎ ቆሟል፤ አንዳንዱም ገደል ተጥሏል። አንድ ቀን የሞተውን የኔን ሶላር ስነካው ትኩስ ነው። ያን ጊዜ ነው ያበራልኝ። ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ይጠጣል፤ ከባድ ነው፣ ጃርት አያነሳውም፤ ዝናብ አያበሰብሰውም። ከቆጮው ላይ የኮባውን ቅጠል ገፈፍኩና ሶላሩን እዚያው ላይ አጋደምኩት። ኤፍሬምዬ፣ ቆጮው በግማሽ ጊዜ ሽታው ተለወጠ፤ ነጭ ሆኖ ልስልስ አለ። ወዲያው ወሬው ሄደና ሴቱ ሁሉ የሞተ ሶላሩን እየተሸከመ ጉድጓዱን ከደነ። በቆጮ ለማንም እጅ የማትሰጠው ጎረቤቴ ዓለሚቱ እንኳ መጥታ፣ አይታ፣ «እኔም አደርጋለሁ» ብላ ሄደች።

አንተ የምትሠራበት ፋብሪካ አሮጌ ሶላር ነው የሚፈታታው ብለኸኛልና አለቃህን ጠይቅልኝ፤ እንዲህ ያለ ዘዴ ሰምቶ ያውቃል? ሌላው፣ ለሰርጉ ጫማ ላክልኝ። ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ቀለሙ የወይን ጠጅ ይሁን። ዓለሚቱ አይታው እርር ድብን እንድትል ነው፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

እጁ የማይታጠፍ አምላክ ይጠብቅህ።
አክስትህ ወርቂቱ


ካሰል፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው አክስቴ፣

ያ የጨንቻ ብርድ እንዳይጎዳሽ፣ ቤትሽም በሰላም እንዲሞላ እጸልያለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ባቡር ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ዕድላዊት ጋ ስደርስ ጮህኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ደንታም አልሰጠኝ። እልል በይልኝ። ካሌብንም ለመዝሙሩ እኔ አለማምደዋለሁ በይው።

ሁለተኛውን ገጽ ግን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። አክስቴ፣ እባክሽ ሶላሩን ዛሬውኑ ከቆጮው ላይ አንሺው። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትተሽ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እኛ ጋ አሮጌ ሶላር በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ዙሪያውን ያለውን ብረት እንነቅላለን፣ ከጀርባው ያለችውን ጥቁር ሳጥን እናወጣለን፣ መስታወቱን እንለያለን። ከመስታወቱ ሥር ያሉት ቀጫጭን መስመሮች የተበየዱት እርሳስ በሚባለው ብረት ነው፤ መርዝ ነው። መስታወቱ ደህና ከሆነ መርዙ እንደታሸገ ይኖራል። ከተሰነጠቀ ግን ውሃ ይገባል፣ የሚጎመዝዝ ነገር ደግሞ ቶሎ ያሟሟዋል። ቆጮ ከሚጎመዝዝ ነገር ሁሉ የበለጠ ነው፣ ይህን አንቺ ለእኔ ታስተምሪኛለሽ እንጂ እኔ ላንቺ አልነግርሽም። እኛ የተሰበረውን ያለ ጓንት አንነካም። እናንተ ምግብ ላይ አጋድማችሁታል።

ሰርገኛው ሁሉ የሚበላው ነው፤ ዕድላዊትም። ይህን ብቻ መልሺልኝ፤ ሶላሮቹ የተሰነጠቁ ናቸው? አነሳሻቸው?

ጫማውን እፈልጋለሁ።
ኤፍሬም


ጨንቻ ዙሪያ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤፍሬም ካሱ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጌታ ይመስገን እኛ ደህና ነን። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ፖሙ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። የመዘምራኑን ቡድን አዲስ ልብስ አስለብሰናል፤ ጥለቱን የሠራው የሸማኔው የበዛብህ ልጅ ነው፤ እጁ ተባርኳል። የጥሪው ወረቀት ታትሞ መጥቷል፤ ያንተም ስም ከአክባሪ ቤተሰብ መካከል አለበት።

ቆጮው በጣም አምሮበታል። ጥጥ ይመስላል።

ስለ መስታወቱ የጻፍከው ደርሶኛል። ልጅ ሆኖ እንሰት ሲፋቅ ሽታውን ሸሽቶ ወንዝ የሚወርድ ሰው ጀርመን ሄዶ የቆጮ አስተማሪ ሲሆን ማየት ደስ ይላል። አያቶቻችን ቆጮ ላይ ስንት ነገር ሲያስቀምጡ ኖረው ማን ሞተ? ሳላዲንን ጠይቄው «መስታወት ነው እንጂ ምን አለው» ብሎኛል። እሱ ደግሞ ነጋዴው ነው።

የጫማውን ቀለም ቀይረው፤ ጥቁር ይሁን። ወይን ጠጅ ቀለም ለልጅ ነው።

በጌታ ሰላም፣
ወርቂቱ


ካሰል፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

በስሙ ሰላም እልሻለሁ። ተቆጥተሽኛል፤ ከደብዳቤሽ አጭርነት ገብቶኛል። ተቆጪኝ፣ ግን ስሚኝ። ሶላሮቹ ተሰንጥቀዋል ወይ ብዬ ጠይቄሽ ስለ ፖም መለስሽልኝ።

አንቺ ክፍል ውስጥ «ያላያችሁትን አትመኑ» ትይ አልነበር? እኔም ላሳይሽ ብዬ የተሰበረ ሶላር ቁራጭ ሎሚ ጭማቂ ውስጥ ነክሬ አስቀመጥኩት። ውሃው እየቆየ ወደ አረንጓዴ ሄደ። እዚህ ለሚመረምሩት ሰጠሁ፤ እርሳሱ ወጥቶ ውስጡ ተገኘ። ፎቶውን አያይዣለሁ። አንቺም ክዳኑን ገልብጠሽ ሥሩን እዪ። ከዚያ በኋላ ውሸታም በይኝ።

ለዕድላዊት በቴሌግራም ልጽፍላት እችል ነበር። ነርስ ናት፤ እርሳስ በእናቱ ማህፀን ባለ ሕፃን አእምሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። አልጻፍኩላትም። እናቷ አንቺ ነሽ፤ ከአንቺ አፍ ትስማው ብዬ ነው። ሰፈሩም የከደነው አንቺን አይቶ ነው። ሲያነሳም አንቺን አይቶ ያነሳል።

አሁን ደስ የሚለውን ልጨምር። «ሞተ» የምትሉት ሶላር ብዙ ጊዜ አልሞተም። የሚሞተው ባትሪው ነው፤ ወይ ከጀርባ ያለችው ሳጥን ውስጥ ሽቦው ተቃጥሎ ነው። እኛ ጋ ከሚመጣው ውስጥ ስንቱን ለክተን ደህና ሆኖ እናገኛለን። መስታወቱ ያልተሰነጠቀውን ማንም እንዳይጥል። እኩለ ቀን ላይ ጠርጎ በቴስተር መለካት ብቻ ነው።

ሳላዲን፣ እንደማታነብ ምለሃል፤ ግን ይህን እያነበብክ ከሆነ ቴስተርህን ይዘህ ውጣ። «መስታወት ነው እንጂ ምን አለው» ያልከውንም ቦታው ድረስ ሄደህ አርመው።

ጥቁር ጫማ አግኝቻለሁ።
ኤፍሬም


ጨንቻ ዙሪያ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኤፍሬም፣

የታደለ፣ የሚወደድ፣ ጌታ ዘመኑን ያርዝምለት። ተቀምጠህ አንብብ፤ ረጅም ነው።

ደብዳቤህን የሰጠኝ ሹፌሩ አይደለም። ሳላዲን ራሱ በአይሱዙ ጋቢና ተቀምጦ፣ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ብቻ፣ እየተንቀጠቀጠ መጣ። «ፎቶ ሳነሳ ዓይኔ አርፎበት ነው» አለኝ። ዓይኑ ከላይ እስከ ታች ነው ያረፈው። ጋቢ አለበስኩትና ወደ ጉድጓዱ ሄድን።

ገለበጥነው። ኤፍሬም፣ እንደ ፎቶው ነው። ስንጥቁ በላይ በኩል ቀጭን ነበር፣ እኔም ንቄው ነበር። በሥሩ ግን ጀርባው ተላጦ፣ መስመሮቹ ተበልተው፣ ቆጮው መስታወቱ በነካበት በኩል አረንጓዴ ሆኗል። ጥጥ ይመስላል ብዬ የጻፍኩልህ ዳር ዳሩን አይቼ ነው። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሳላዲን ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ጋቢውን መልሶ ለእኔ አለበሰኝ።

ለዕድላዊት ደወልኩላት፤ በዚያው ቀን መጣች። አየችው። አልተቆጣችኝም። «እማዬ፣ ቆጮ እንደገና ይፋቃል፤ የኔ ልጅ ጭንቅላት እንደገና አይፋቅም» አለችኝ። ልጅ እንኳ ገና ሳትወልድ። ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

እሑድ ጸሎቱ ሲያበቃ እጄን አውጥቼ ቆምኩና ለሴቱ ሁሉ ተናገርኩ። እኔ ያስተማርኳችሁን እኔው ላፍርሰው ነው አልኳቸው። አንዷ «ያ ሁሉ ድካም» ብላ አጉረመረመች፤ እውነቷን ነው። ግን ዕድላዊት ተነስታ ስታስረዳቸው አንድ በአንድ ወጡና ወደየጓሯቸው ሄዱ። መስታወቱ ያልተሰነጠቀላቸው ቆጯቸው ተረፈ፤ እሱም ቢሆን የላዩን ገፈው ጣሉ። የተሰነጠቀበት ሁሉ ተደፋ፤ ለከብትም አልሰጠንም። ከምንጭ ርቆ በጥልቅ ቀበርነው። የኔው ከሁሉ በፊት።

አሁን ወደ ተአምሩ ልምጣ። በማግስቱ፣ ሳይመለስ እኛ ጋ የቆየው ሳላዲን ከዕቃው መካከል ቴስተር አውጥቶ፣ ጉሙ ሲገፈፍ፣ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት በዱቡሻው ሜዳ ላይ የኔን ሌላ አሮጌ ሶላር ጠርጎ ለካ። እንደገና ለካ። «ይህማ ይሠራል» አለ። ሰው አላመነውም፤ ሬድዮ አምጡ አለና ሽቦውን ሲያገናኝ ሬድዮው መዝሙር ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ማን ይያዝ። አዛውንቱ ይፍሩ ሳይቀሩ ሶላራቸውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው እየሮጡ መጡ፤ ከተመረኮዙ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። አንዱ የጥጃ በረት ግድግዳ ያደረገውን ነቅሎ መጣ፤ ጥጃውም ተከትሎት መጣ። ቴስተሩ በተነሳ ቁጥር ሰው እልል ይላል። ለዓመታት ስንረግማቸው የኖርናቸው ደህና ነበሩ ልጄ፤ ባትሪው ነው የካደን። ሳላዲን ላቡ እየወረደ «እኔ የሸጥኩት ዕቃ አይሞትም» ማለት ጀመረ፤ ሲመጣ የነበረው ፊቱ ጠፋ።

ሽማግሌዎቹ እዚያው ተቀመጡ። ከእንግዲህ ሶላርም የሶላር ባትሪም ገደል መጣል ነውር ነው ብለው ቆረጡ። የኛ ገደል ውሃ ቁልቁል አርባ ምንጭ ነው የሚወርደው፤ ሳላዲን የሚጠጣው እሱን ነው። ሳላዲንም ሰማ፤ አንገቱን ነቀነቀ።

የተሰበሩትን ግን ምን እናድርጋቸው? ከገደል የወጣውም ተጨምሮ ክምር ሆኗል። ጻፍልኝ። ጫማውን ተወውና ጓንት ላክልኝ፤ ወፍራሙን።

አክስትህ፣ ጀርመን ያስተማራት


ካሰል፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ ሆይ፣

ጌታ እንዲህ ያለ ደስታ ለጠላቴም ይስጠው። ደብዳቤሽን ለሥራ ባልደረቦቼ በምሳ ሰዓት እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ጥጃው ጋ ስደርስ አለቃዬ ሹካውን ጣለ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ አለቃዬ «ሴትዮዋ ስለ ሙቀቱ ያሰበችው ትክክል ነው፤ የተሳሳተችው በክዳኑ ነው» አለ። የጠየቅሽኝ መልስ ይኸው። እንዲህ ያለ ዘዴ ሰምቶ አያውቅም። ቆጮውን እንደ ድሮው በኮባ ቅጠል ደራርበሽ ሸፍኚው፤ ከዚያ በላይ፣ ቆጮውን ሳይነካ፣ ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ በድንጋይ ላይ አስቀምጪ። ፀሐዩን ይጠጣል፣ መርዝ አይሰጥሽም።

የተሰበሩትን በእንጨት ሳጥን፣ ውስጡን ላስቲክ አልብሳችሁ፣ መስታወቱን ወደ ውስጥ አዙራችሁ ደርድሩ። ዝናብ የማይነካው ጣራ ሥር ይቀመጥ። ልጆች አይጠጉት፤ ማንም ሽቦውን ላውጣ ብሎ እሳት እንዳይነካው፣ ጭሱ ይገድላል። ባትሪዎቹን ለብቻ።

ሳላዲን፣ ወንድሜ፣ ሳጥኑ ሲሞላ ወደ አዲስ አበባ ዕቃ ልታመጣ ባዶውን በሚሄደው መኪና ጫነው። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚረከቡ ሰዎች እዚያ አሉ፤ አድራሻቸውን ፈልጌ እልክልሃለሁ። አሮጌ የመለሰልህን ሰው ደግሞ አዲስ ባትሪ ሲገዛ ቅናሽ አድርግለት፤ ሰፈሩ በሙሉ ደንበኛህ ሆኖ ይቀራል።

ጓንቱ ዕቃ ውስጥ ነው። ጫማውንም አብሬ ልኬዋለሁ፤ ወይን ጠጁን። ጥቁር ያልሽው ተቆጥተሽ ነው።

አክስቴ፣ አንድ ነገር ግን አልጻፍሽልኝም። ሰርጉ ደርሷል። ለገረሴዎቹ ምን ልታቀርቢ ነው?

ኤፍሬም


ጨንቻ ዙሪያ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዱ ኤፍሬም፣

ምሕረቱ የበዛ ጌታ ይመስገን፤ ሰርጉ አለፈ፣ እኔም ቆሜ አለሁ። ያኔ ያልመለስኩልህ መልስ ስላልነበረኝ ነው። ቆጮ ለመለመን ቤት ለቤት ልዞር አልቻልኩም። ሴቱን ሁሉ ያስደፋሁ እኔ ነኝ፤ የተረፋቸውም ለራሳቸው አይበቃቸውም። እንጀራና ሥጋ ብቻ ላቀርብ፣ ለሽማግሌው ደግሞ አንገቴን ልደፋ አስቤ ነበር።

የሰርጉ ዋዜማ ዓለሚቱ መጣች፤ ከኋላዋ ምራቶቿና እህቶቿ ተሸክመው። ግቢዬ ውስጥ አራገፉት። ቆጮ ነው፤ የአንድ ጉድጓድ ሙሉ፣ ነጭ፣ ሽታው ልክ። «ሶላር አልከደንሽበትም?» አልኳት። «አንቺ ስታስተምሪ እሰማለሁ፤ በቆጮዬ ላይ ግን መስታወት አላጋድምም» አለች። ሶላሩን የዶሮ ቤት በር አድርጋው ኖሯል። እንዳልቀየማት ብላ ነው «እኔም አደርጋለሁ» ያለችኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እሑድ ዕለት ቆሜ ስናገር እንኳ አንገቷን ደፍታ ነበር። ደስ ብሏት ነው ብዬ ሳማት ከርሜያለሁ።

የሰርጉ ዕለት ዳሱ በአምፖል ተንቆጠቆጠ። ሁሉም «ሞተ» ከተባሉት ሶላሮች ነው፤ ሳላዲን ራሱ ሽቦውን ዘረጋ፣ አዲስ ባትሪ አመጣ። የገረሴ ሰዎች ቀና ብለው እያዩ «መብራት ገብቶላችኋል እንዴ» ይላሉ። ካሌብ ዘመረ፤ ማንም አልከለከለውም።

ቆጮው ከአይብና ከዳጣ ጋር ቀረበ። ሽማግሌያቸው ቀመሰ፣ ደገመ፣ ከዚያ ተነስቶ «ሙሽራዋን ያሳደገ ቤት ይህን ያህል ቆጮ የሚያውቅ ከሆነ ልጃችን ተጠቅሟል፤ የወርቂቱ እጅ ይባረክ» አለ። ሰው አጨበጨበ። ዓለሚቱን አየኋት። ሳህኗ ላይ አቀርቅራ ትበላለች፤ ዝም ብል እስክትሞት ዝም ትላለች። ተነሳሁ። «እጄ አይደለም። የዓለሚቱ ቆጮ ነው። የኔውን መርዝ ነክቶት ቀብሬዋለሁ» አልኩ። ሽማግሌው ትንሽ ግራ ተጋባና «እናንተ ሰፈር የሙሽራ እናት ስንት ናት?» አለ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ዓለሚቱን ጎትተው ከእኔ አጠገብ አስቀመጧት፤ እስከ መጨረሻውም እዚያው ተቀመጠች።

የተሰበሩት ሳጥን ሞልቶ በሳላዲን መኪና ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። አሁን ከጨንቻ ከተማ ሳይቀር ሰዎች ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለተኛ ሳጥን አሠርተናል። ትላንት ደግሞ ዓለሚቱ አዲስ እንሰት ፍቃ ጠራችኝ። በቅጠሉ ላይ ጥቁር ቆርቆሮዋን በድንጋይ ደግፌ አስቀመጥኩላት። ሥሩ ሲሞቅ እጇን አስገብታ «ይህንንስ እቀበላለሁ» አለች።

ጫማው የደረሰው ከሰርጉ በኋላ ነው፤ በጣም ያምራል፣ ወይን ጠጁን መላክህ ደግ አደረግክ። ዓለሚቱ እሑድ እሑድ ታደርገዋለች። ልኳ ነው።

አክስትህ ወርቂቱ